የሸምበቆው መስኮት

ወፍ መቁጠር አትችልም። ዕድሜያቸውን በሐይቅ ዳርና በጫካ ውስጥ ካሜራ ተሸክመው የጨረሱ ሰዎች ሥራቸውን የመሠረቱት በዚህ እውነት ላይ ነው። ሰው ወደ ጎጆዋ ሲቀርብ ያየች ወፍ፣ መጤው ተመልሶ ካልሄደላት በቀር ዕንቁላሎቿን አትታቀፍም። ሁለት ሰዎች ወደ ማድፈጫው ድንኳን ገብተው አንደኛው ዓይኗ እያየ ቢመለስላት ግን «ሄዱልኝ» ብላ ትመጣለች፤ የቀረውም ሰው ትንፋሹን ውጦ ይቀርጻታል። «ሁለት ገብተን አንድ እንወጣለን» ይላሉ፣ ግማሹን እንደ ቀልድ፣ ግማሹን እንደ ሕግ አድርገው። «ከቁራ በቀር» ብለውም ይጨምራሉ፤ ቁራ ይቆጥራልና።

አቀናባሪዋ ይህን ሁሉ የሰማችው ከታናሽ ወንድሟ፣ ከካሜራ ባለሙያው ነው። እርሷ ራሷ ረግረግ ረግጣ አታውቅም ነበር። ሥራዋ በቴሌቪዥን ጣቢያው ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ እርሱ ከዱር የሚያመጣውን ምስል መቁረጥና መቀጠል ነው። ስለ አገሪቱ የዱር ፍጥረታት ከሚተርከው ባለ ሰባት ክፍል ፊልም ስድስቱ ታይተው ሰባተኛው ብቻ ቀርቷል። ወንድሟን ባልደረቦቹ «ሐውልቱ» ይሉታል፤ አንዴ ካደፈጠ ወዲያ ዝንብ አፍንጫው ላይ ቤት ብትሠራ እንኳ እጁን አያነሣም ሲሉ። እናታቸው ስትሞት እርሱ ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት። ጎልምሶ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ካለበት በኋላም «እትዬ» እንጂ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ሰባተኛው ክፍል የረግረጉ ነበር። በዚያ ረግረግ ባለ ሐብል የምትባል የውኃ ወፍ አለች፤ ከዳክዬ ጥቂት ከፍ ያለች፣ ላባዋ አመድማ፣ አንገቷን ግን ቀይ ቀለበት የዞረላት። በአያቶች ዘመን ስትነሣ ሰማዩን ታጠቁር ነበር ይባላል። ኋላ ግን ረግረጉ ከየዳርቻው እየተመጠጠና እየታረሰ ሄደና፣ ከጥፋት ውኃ የተረፈች ዘር በውኃ ማጣት ልታልቅ ደረሰች። አገር ምድሩ ሲታሰስ የተገኘው አንድ ጥንድ ብቻ ሆነ። ያ ጥንድ በሸምበቆ መካከል አራት ዕንቁላል ታቅፏል። ከዚያ ጎጆ ጫጩት ካልወጣ፣ አዳም ያወጣላት ስም ብቻውን ይቀራል፤ የምትጠራበት ፍጥረት አይኖርም። ሐውልቱም ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ማድፈጫ ውስጥ እንደ ባሕታዊ ሰነበተ። እስከ መጨረሻው ግን አልቆየም። አባታቸው፣ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩት ሽማግሌ፣ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ወደቁ፤ እርሷም «አባባ ወድቀዋል፤ ቶሎ ድረስ» ብላ መልእክት ላከችበት፤ እርሱም በዚያው ሰዓት ተነሥቶ መጣ።

አባትየው አልሞቱም። ቀኝ ጎናቸው ግን ከዳቸው፣ ምላሳቸውም ታሰረ። ወንድምና እህት ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ከሰነበቱ በኋላ ሽማግሌው ወደ ቤት ገቡ፤ አልጋቸውም ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተዘረጋ። እነርሱም ወደ ምድር ቤቱ ክፍል ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። አቀናባሪዋ የፊልሙን የመጨረሻ ምስል ስታስተካክል ወንድሟ ከኋላዋ ወንበር ላይ ተለጥጦ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ይቆረጥማል። በምስሉ ላይ ባለ ሐብሏ ዕንቁላሎቿን በአፏ ጫፍ አገላብጣ፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ ትቀመጥባቸዋለች። ከበስተ ግራ ጥግ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነገር ትታያለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ጥርስ ውስጥ እንደ ገባ ሥጋ ዓይኔን ወጋችው» አለች።

«ክር ናት፤ የመስኮቱ ማሰሪያ። ጥግ ስለሆነች ቁረጫት።»

መስኮት የሚሉት ይህን ነው፦ በጎጆውና በካሜራው መካከል የቆመውን ሸምበቆ ግራና ቀኝ ሰብስበው በክር ያስሩታል። ጠዋት ይከፍቱታል፤ ማታ ክሩን ፈትተው ሸምበቆውን እንደ ነበረ ይመልሱታል። ለካሜራ የተከፈተ ለጭልፊትም ለቀትር ፀሐይም የተከፈተ ነውና፣ የዱር ካሜራ ሰዎች ይህችን ነገር እንደ ሃይማኖት ይጠብቋታል። ሕጓም አጭር ናት፤ የከፈተ ይዘጋል።

አቀናባሪዋ ጥጉን ቆረጠችው። ክሯም ጠፋች። ቆይቶ ግን እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ይህን የቀረጽከው እኔ መልእክት የላክሁብህ ዕለት አይደለም እንዴ?»

«አዎ። የመጨረሻዬ ይህች ነች።»

«ከዚያ ማን ዘጋው?»

ከኋላዋ የኦቾሎኒው ኮሽታ ተቋረጠ። ዞር ብላ አየችው። መዳፉ ላይ የተፈለፈለውን ይዞ፣ አፉ ግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል።

«ረዳቴ» አለ።

«ረዳትህ አብሮህ ነበር?»

«ጠዋት አብረን ገባን። ከዚያ ባትሪ ሊያስሞላ ወደ ከተማ ወጣ።»

«አንተ ስትወጣ ተመልሶ ነበር?»

«አልተመለሰም። ሲመለስ ይዘጋዋል ብዬ ነው።»

«ነግረኸው ነበር ወይ?»

ወንድሟ ኦቾሎኒውን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠው። «በልቤ ነግሬዋለሁ» አለ፤ «በአፌ ስለመናገሬ ግን... እትዬ፣ አላስታውስም። ወድቀዋል የሚለውን ካየሁ በኋላ አውቶቡስ ውስጥ እስክገኝ ድረስ ያለው ሁሉ የለም።»

ለረዳቱ ደወሉለት። ረዳቱ ቅን ሰው ነው፤ ስልኩን ገና ሲያነሣ ስለ አባትየው ጤና ጠየቀ። ስለ መስኮቱ ሲጠየቅ ግን ግራ ገባው።

«እኔማ ከተማ ሳለሁ አዘጋጁ ደውሎ ቀረጻው አብቅቷል፣ የጋሼ አባት ታመዋል፣ ተመለስ ሲለኝ ከዚያው ተሳፈርኩ እንጂ ወደ ረግረጉ አልሄድኩም። ጋሼ፣ የከፈተ ይዘጋል አይደለም እንዴ የሚባለው? የከፈቱት እርስዎ ነዎት። እርስዎን የሚያህል ሰው ሳይዘጋ ይወጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«ልክ ነህ» አለው ሐውልቱ፤ ስልኩንም ዘጋ።

በረግረጉ ዳር የቀረው ጀልባ ቀዛፊው ብቻ ነው። ስልኩ አልሠራ አላቸው። አቀናባሪዋ ደረጃውን በጥድፊያ ወጥታ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ገባችና መኪና ጠየቀች። አዘጋጁ ከእርሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው የሚያነጋግር፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር።

«እትዬ፣ መኪኖቹን ዜና ክፍል ጠራርጎ ወስዷቸዋል። ደግሞስ ቀዛፊው እዚያው አይደለም? ዓይን ያለው ሰው ነው፤ አይቶ ይዘጋዋል። እርስዎ ሰባተኛውን ክፍል ያስረክቡኝ፤ የሚተላለፍበት ቀን ደርሷል።»

«ባይዘጋውስ?»

«ወፏም ባለ ክንፍ ናት፤ ባይመቻት ሌላ ቦታ ትሄዳለች» አለና ፈገግ አለ። የእርሷን ፊት ሲያይ ግን ፈገግታውን ሰበሰበ።

በማግስቱ ማለዳ ወንድምና እህት በአውቶቡስ ተሳፈሩ። አባትየውን ጎረቤታቸው ነርሷ ልትጠብቅላቸው ተቀበለች። መንገዱ ረጅም ነበር። ሐውልቱ ግንባሩን በመስታወቱ ላይ አስደግፎ ይቆይና «ቀዛፊው ብልህ ሰው ነው» ይላል።

«ነው» ትለዋለች።

«አይቶ ዘግቶታል።»

«ይሆናል።»

«አንቺም እንዳላዝን ብለሽ ነው እንጂ፣ ጅብ ከሄደ ነው የምንጮኸው።»

 መልእክቱን የላከችው እርሷ መሆኗን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ደግሞ አላነሡትም። ቁስልን በዓይን እያዩ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነበር።

ረግረጉ ዳር ሲደርሱ ቀዛፊው ጀልባውን ገልብጦ ስንጥቁን በሬንጅ ሲደፍን አገኙት። ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሰላምታ በመስጠት ፈንታ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በሉ። ሰው አለ» አለ፤ በሹክሹክታ።

«የት ነው ሰው ያለው?» አለ ሐውልቱ።

«ማድፈጫው ውስጥ ነዋ። ረዳትዎ።»

ወንድምና እህት ተያዩ። ቀዛፊው ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ሬንጅ የነካ እጁን በሱሪው እየጠረገ ቀጠለ። «ጋሼ፣ እርስዎን ሐውልቱ ይሉዎታል፤ እሱማ አስናቀዎት። አንድ ቀን ሲያስል አልሰማሁትም። ዓሣ አጥማጆቹ በዚያ በኩል ሊያልፉ ሲሉ እኔ ነኝ የመለስኋቸው። ከብቶቹንም አባረርኩ። ሰው በሥራ ላይ ነው፣ ድርሽ እንዳትሉ፣ ብዬ። እኔም ራሴ ጠጋ ብዬ አላውቅም።»

«ረዳቴ ያን ዕለት ጠዋት በሌላ ሰው ጀልባ ወጥቷል» አለ ሐውልቱ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጣለ። «ባትሪ ሊያስሞላ። አንተ ገበያ ሄደህ ነበር።»

«እንዴት ይሆናል? ሁለት ስትገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀትር ላይ እርስዎን አንድዎን አወጣሁ። ሁለት ገብቶ አንድ ከወጣ...» ቀዛፊው ቃሉን ሳይጨርስ ጣቶቹን አየ፤ ሁለቱን አነሣ፣ አንዱን አጠፈ። ቆይቶ «ዳቦ እኮ እየበላ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ምግብ እንዳያልቅበት ብዬ ዳቦ በላስቲክ እየጠቀለልኩ ከሸምበቆው ጫፍ ካለው እንጨት ላይ አንጠለጥልለት ነበር። በማግስቱ ስመጣ የለም። እየበላ ነው ብዬ ሌላ እጨምራለሁ።»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ያሉ አበው፣ ይህን ነገር ያዩ ይመስል ተናግረዋል። ወፏን ለማታለል የተበጀች ዘዴ ቀዛፊውን አታለለች። ባዶ ድንኳን ሲጠበቅ፣ መስኮቱ ለጠላት ተከፍቶ ሰነበተ፤ ጠባቂውም ታማኝ ስለነበረ አንድ ነፍስ ወደዚያ ቀርቦ እንዲያየው አልፈቀደም።

ጀልባውን ገልብጠው ውኃ ላይ አኖሩት። መቅዘፊያው ውኃው ውስጥ እየጠለቀ ይወጣ ነበር። የሸምበቆው ጫፍ ሲደርሱ ዳቦው የሚንጠለጠልበት እንጨት ላይ ቁራዎች ተደርድረዋል። ጀልባው ሲቀርብ አልበረሩም፤ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ቦታ የለቀቁ ያህል አደረጉ። የዕለት ቀለባቸውን ከዚያ ሲጠብቁ የኖሩ መሆናቸውን ለማወቅ አዋቂ መጠየቅ አላስፈለገም። ከእንጨቱ ላይ ሆኖ ደግሞ በተከፈተው መስኮት በኩል ጎጆው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰማያዊው ክር እንደ ታሰረ ነበር። ከዕንቁላሎቹ ሁለቱ ተቦርቡረው ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቷል። አንዱ ከጎጆው ተንከባሎ ጭቃው ውስጥ ግማሹ ተቀብሯል። አራተኛው ሙሉ ነበረ። ሐውልቱ ከጀልባው ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣው፤ የቀትሩ ፀሐይ ሲያርፍበት ስለሰነበተ ይፋጃል። ሊፈለፈል የደረሰ ዕንቁላል ከውስጡ ድምፅ ይሰማል፤ እርሱም ይህን ያውቃልና ጆሮው ላይ አደረገው። ዓይኑን ጨፈነ። እህቱ የካሜራ ሰዎች ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አየች፤ ጀልባው ቀስ እያለ በነፋስ ዞሮ ፊታቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ እስኪሆን ድረስ ከጆሮው አላነሣውም። በመጨረሻ መልሶ ጎጆው ላይ አስቀመጠው፤ ልክ እንደ ወፏ፣ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ።

«እናትየዋስ?» አለች አቀናባሪዋ።

«ትናንት ማለዳ አንዷ ወደ ምሥራቅ ስትበርር ያየሁ መሰለኝ» አለ ቀዛፊው። «መሰለኝ ነው እንግዲህ። ውኃው ላይ ጭጋግ ነበር።»

ሐውልቱ ክሩን ፈታ። በግራ ያለውን፣ ቀጥሎም በቀኝ ያለውን። ሸምበቆው ግን አልተነሣም። ታስሮ ስለከረመ ወገቡ ላይ ታጥፎ ደርቋል። በእጁ እየሰበሰበ ቀና አደረገው፤ ሲለቀው ተመልሶ ወደቀ። እንደገና ቀና አደረገው።

«ተው በቃ» አለችው።

«የከፈተ ይዘጋል» አለና ሦስተኛ ጊዜ ሞከረው።

ከተማ እንደተመለሱ አቀናባሪዋ በቀጥታ ወደ አዘጋጁ ሄደች። ሰባተኛውን ክፍል የሚዘጋው የተራኪው ድምፅ አስቀድሞ ተቀርጿል፦ ጥንዶቹ በትዕግሥት ታቅፈዋል፤ አዲሱ ሸምበቆ ሲለመልም ልጆቻቸውን እየመሩ ሲወጡ እናያቸዋለን፤ የሚል። እርሷ የጠየቀችው ብዙ አልነበረም። ከመጨረሻው ምስል በኋላ በጥቁር ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ፤ ጎጆው ጠፍቷል የምትል።

አዘጋጁ ሁለቱንም ስልኮቹን ደፍቶ አዳመጣት። ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «እኔ እንኳ ብፈቅድ፣ ነገ ከየአቅጣጫው የሚደውለው ሰው ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ጎጆውን ምን አጠፋው ነው የሚለኝ። ጎርፍ ነው ልበል? ጭልፊት ነው ልበል? እርስዎ ይንገሩኝ፤ የነገሩኝን እጽፋለሁ።»

እርሷ የተደፉትን ስልኮች ተመለከተች።

«የወንድምዎን ስም ከጽሑፉ ሥር የሚያነቡት ሰዎች ናቸው የሚጠይቁት» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባትዎም ያዩታል።»

እርሷ ውሸትን የምትጠላ ሴት ነበረች። ፊልም ስትቆርጥ እንኳ የአንዱን ቀን ፀሐይ ከሌላው ቀን ጥላ ጋር መቀጠል ደስ አይላትም። ነገር ግን በአንድ ወገን እውነት፣ በሌላ ወገን በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ በቆሙ ጊዜ፣ ልቧ ወዴት እንዳዘነበለ ለማወቅ ብዙ አላሰበችም። ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ክፍሉን እንደ ነበረ አስረከበች። ሰማያዊዋ ክር ተቆርጣ ስለነበር የሚያይ ሰው ምንም አያይም።

በተላለፈበት ምሽት ሦስቱ በአባትየው ክፍል ሆነው አዩት። ባለ ሐብሏ ቀይ አንገቷን አስግጋ ስትመጣ ሽማግሌው ደኅነኛ እጃቸውን አነሡ። ከጉሮሯቸው ቃል ያልሆነ ድምፅ ወጣ፤ ከወደቁ ወዲህ ከተሰማው ሁሉ ለሳቅ የቀረበ ድምፅ ነበር። በጣታቸው ወፏን ጠቆሙ፣ ልጃቸውን ጠቆሙ፣ እንደገና ወፏን። ተራኪው በዚያ ወርቃማ ድምፁ «እናያቸዋለን» ብሎ ሲጨርስ ሙዚቃው ወጣ፤ ስሞቹም መውረድ ጀመሩ። የሐውልቱ ስም ሲያልፍ አባትየው ዓይናቸውን ከድነው ከፈቱ፤ ይህ ከታመሙ ወዲህ «እሰይ» የሚሉበት ምልክታቸው ነበር።

ሐውልቱ የአባቱን ትራስ አስተካከለ፤ ግንባራቸውን ሳመ፤ «ደኅና እደሩ አባባ» አለና ወጣ።

ጠዋት አልጋው ተነጥፎ፣ ካሜራው ከነሻንጣው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ተገኘ። የት እንደሄደ ለመጠየቅ አልደከመችም። ቀዛፊው ራሱ ደወለላት።

«እትዬ፣ ጋሼ እዚህ ናቸው። ማድፈጫው ውስጥ ገብተው አልወጣም ብለዋል። ሰውም እየመጣብኝ ነው፤ በቴሌቪዥን ያየውን ወፍ አሳየን እያለ። ምን ልበላቸው?»

«አንተ ምን አልካቸው?»

«ልማድ ሆኖብኝ፣ ሰው በሥራ ላይ ነው፣ ድርሽ እንዳትሉ አልኳቸው።»

ነርሷን እንደገና ለምና ሄደች። ውኃው በዚያ አጭር ጊዜ እንኳ ቀንሶ ነበር፤ ጀልባው በየጥቂቱ ጭቃ እየነካ ቀዛፊው በመቅዘፊያው ይገፋው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትገባ ወንድሟ ከባዶው የካሜራ እግር ኋላ ባለች አጭር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ በድንኳኑ ቀዳዳ በኩል ወደ ጎጆው ነው። ጎጆው ፊት ያለው ሸምበቆ ቢጫ ሆኖ ተጋድሟል። አራተኛው ዕንቁላል የለም።

«እትዬ፣ ቀስ ብለሽ ግቢ» አለ፤ ሳይዞር።

«የሚበረግግ ነገር የለም እኮ።»

«ቢሆንም።»

አጠገቡ ተንበረከከች። እንደ ሕፃንነቱ ጊዜ ትከሻውን ልትይዘው እጇን ዘረጋችና ጀርባው ላይ አሳረፈችው። «አባባ በሩን በሩን ያያሉ። ቤቱ ያለ አንተ ምን ይሆናል? ተነሥ፤ ዳቦ እንኳ አልቀመስክም።»

«ፊልሙ እናያቸዋለን ብሏል።»

«ተራኪው ያለውን ነው ያለው። እርሱ የሰጡትን አነበበ።»

«አንቺ ነሽ የቀጠልሽው።»

«እኔ ነኝ። ለአንተ ብዬ።»

«አውቃለሁ፤ ለእኔ ብለሽ ነው። ውሸት የማታውቂው ሴት ለእኔ ብለሽ ዋሸሽ።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «አባባም አመኑት። እንግዲህ ከመካከላችን አንድ ሰው እውነት እስኪሆን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት። እኔ ከዚህ በቀር የማውቀው ሥራ የለም።»

«ወንድሜ፣ ዕንቁላል የሚጥሉበት ወራት አልፏል። ውኃውም እየሸሸ ነው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ ካሁን በኋላ ወፍ እዚህ አይሰፍርም።»

«አይሰፍርም» አለ። ዓይኑን ግን ከቀዳዳው አላነሣም።

ብዙ ለመነችው። የእናታቸውን ስም አነሣች፤ እርሱ ራሱ ሊያነሣው ያልደፈረውን፣ ያን የላከችውን መልእክትም አነሣች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ባልጠራህ ኖሮ ትዘጋው ነበር» አለችው። እርሱም ያን ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ አያት። «ባትጠሪኝ ኖሮማ አላናግርሽም ነበር» አለና ወደ ቀዳዳው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ እንደ ሐውልት ሰማት።

ብቻዋን ወጣች። ቀዛፊው አንድ ሰው ብቻ ወደ ጀልባው ሲመለስ አየ፤ ጀልባውን አዙሮ ከሸምበቆው ራቅ እንዳለም ጎኑን ወደ ጎጆው ሰጠ፣ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ውኃውን መታ፣ ጉሮሮውንም ጮክ ብሎ ጠረገ። ይህ የሁልጊዜ ሥርዓቱ ነበር፤ ሰው መውጣቱን ወፏ በግልጽ እንድታይ።

«ለማን ነው?» አለችው።

መቅዘፊያውን ዝቅ አደረገ። «ልማድ ነው እትዬ» አለ፤ አቀርቅሮም መቅዘፍ ጀመረ።

ወደ ኋላ ዞራ አየች። ድንኳኑ ከሸምበቆው ጋር አንድ ቀለም ሆኗል፤ ቀዳዳው አይታይም፤ ውስጡ ነፍስ ያለው ነገር ስለመኖሩ አንዳች ምልክት የለም። ቁራዎቹ ግን ከእንጨቱ ላይ አልወረዱም። ተደርድረው፣ አንገታቸውን ወደ ድንኳኑ አዘንብለው፣ የቀረውን ሰው ይጠብቁ ነበር።